አሉሚኒየም ኩላሊትን ሲያልፍ

በምድር ቅርፊት ውስጥ ከኦክስጅንና ከሲሊከን ቀጥሎ በብዛት የሚገኘው አሉሚኒየም ነው። አፈሩም ሻይ ቅጠሉም አለው፤ በየቀኑ እንበላዋለን፣ እንጠጣዋለን። ከምንውጠው ውስጥ ግን አንጀት ወደ ደም የሚያሳልፈው ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም። ሾልኮ የገባውንም ኩላሊት አጣርቶ በሽንት ያስወጣዋል። ሰውነት ለዚህ ማዕድን የሚሰጠው አንዳችም ሥራ የለም።

ሁለቱ ዘበኞች በሌሉበት ምን እንደሚደርስ የታየው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ፣ የኩላሊት እጥበት በሚያደርጉ ሕሙማን ላይ ነው። በአንድ እጥበት የታማሚው ደም በስስ ሽፋን ብቻ ተለይቶ ከ120 ሊትር ያህል ውኃ ጋር ይገናኛል፤ ይህም በሳምንት ሦስት ጊዜ። ያኔ ብዙ ማዕከላት የቧንቧ ውኃን በደንብ ሳያጣሩ ይጠቀሙ ነበር። የከተማ ውኃ ደግሞ በአሉሚኒየም ሰልፌት ነው የሚጠራው፤ ኬሚካሉ ድፍርሱን አሰባስቦ ያዘቅጠዋል። ጠጪውን ያልጎዳው ቅሪት አንጀትን ሳይነካ ደም ውስጥ ገባ፤ የሚያስወጣው ኩላሊትም አልነበረም። ይባስ ብሎ ሐኪሞች ፎስፌት ለመቀነስ ያዙላቸው የነበረው ኪኒን ራሱ አሉሚኒየም ነበር።

ሕመሙ ከአንደበት ይጀምራል። ታማሚው ይንተባተባል፣ ቃል ይጠፋበታል። ጡንቻው ይንዘፈዘፋል፣ አእምሮው ይደናገራል፣ ሰውነቱን ያንቀጠቅጠዋል፤ ብዙዎች በወራት ውስጥ ሞቱ። አጥንታቸው ለስልሶ ይሰበር ነበር፤ የብረት እጥረት ሳይኖርባቸውም ደም ያንሳቸዋል። በ1976 አሜሪካዊው ሐኪም አለን አልፍሬይና ባልደረቦቹ በዚህ የሞቱትን ሰዎች አንጎል መርምረው፣ ከሌሎች ሰዎች አንጎል ከአሥር እጥፍ በላይ አሉሚኒየም አገኙበት።

ዛሬ በእጥበት ውኃ ውስጥ በሊትር ከ10 ማይክሮግራም በላይ አሉሚኒየም አይፈቀድም። ጥንቃቄው ሲላላ ግን አደጋው ይመለሳል፦ በ1996 በኩራሳዎ ደሴት ውስጡ በሲሚንቶ የተለሰነ ቧንቧ አሉሚኒየም እየለቀቀ 10 የእጥበት ታማሚዎች ሞቱ።

የአሉሚኒየም ድስቱስ ነገር? ቲማቲም ወይም ሎሚ የገባበት ምግብ ሲያድርበት አሉሚኒየም ይለቃል፣ እውነት ነው። የመርሳት በሽታ ያመጣል የሚለው ግን አልተረጋገጠም። እኔን የሚያሳስበኝ ከቁርጥራጭ ብረታብረት ቀልጦ የሚሠራው ድስት ነው፤ እርሳስም ሊኖረው ይችላልና። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ደግሞ ከድስቱ ይልቅ የጨጓራ ማስታገሻውን ያስመርምር፤ ብዙዎቹ አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ አላቸው። ከሎሚ ጭማቂ ጋር ከተወሰደማ ሲትሬቱ አሉሚኒየሙን በአንጀት በኩል በቀላሉ ያሳልፈዋል።