«ልጄ በኦነርስ ተመረቀ» ሲሉ ምን ማለትዎ ነው?

የግንቦት ወር ሲመጣ በዋሽንግተን፣ በአትላንታ፣ በዳላስና በሲያትል ያሉ የሀበሻ ምግብ ቤቶች በምረቃ ድግስ ይያዛሉ። ድፎ ዳቦው ይቆረሳል፣ ሽማግሌ ይመርቃል። ከዚያም አባት ብድግ ብለው «ልጃችን በቢዝነስ አድሚኒስትሬሽን በኦነርስ ተመርቋል» ሲሉ እልልታው ይቀልጣል። ደስታው ይገባቸዋል፤ ሌሊት ፓርኪንግ ጠብቀው፣ ታክሲ ነድተው፣ የሰው አረጋዊ ጦረው ያስተማሩት ልጅ ነው። ይሁንና እልልታው ጋብ ሲል አንድ እንግዳ «ለመሆኑ ኦነርስ ማለት ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ከባለድግሶቹ ስንቶቹ መልስ ይኖራቸዋል?

ጥያቄው ነገር ለመፈለግ የቀረበ አይምሰልዎ። ትርጉሙን ያላወቅን ወላጆች ልጃችን ኮሌጅ በገባበት በመጀመሪያው ዓመት መምከር ሲገባን ዝም እንላለን። ልጁም «ይህ ለነጭ ልጆች የተሠራ ነገር ነው» ወይም «ጂ.ፒ.ኤ.ዬን ያበላሽብኛል» ብሎ በሩን ሳያንኳኳ ያልፋል። በሌላ ወገን ደግሞ ስሙን ብቻ ፈልገን የማይችለውን ሸክም የምናሸክመውም አለን። ስለዚህ ጉዳዩን ከሥሩ እንየው።

አንድ ስም፣ ሦስት ነገር

በአሜሪካ ኮሌጆች «ኦነርስ» በሚለው ስም ሦስት የተለያዩ ነገሮች ይጠራሉ።

የመጀመሪያው በምረቃ ቀን የሚነበበው ማዕረግ ነው። ኩም ላውዴ፣ ማግና ኩም ላውዴ፣ ሱማ ኩም ላውዴ የሚባሉት የላቲን ቃላት ሃርቫርድ ከጀመራቸው ወዲህ በሌሎችም የተለመዱ ናቸው። ይህ በአመዛኙ የአማካይ ውጤት ጉዳይ ነው፤ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ሰው «ዲስቲንክሽን» እና «ግሬት ዲስቲንክሽን» ከሚላቸው ጋር ቢያመሳስለው አይሳሳትም።

ሁለተኛው የክብር ማኅበር ነው። በቢዝነስ ትምህርት ስሙ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1913 የተመሠረተው ቤታ ጋማ ሲግማ ነው። አባላቱን የሚመለምለው ኤ.ኤ.ሲ.ኤስ.ቢ. በተባለው የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች መዛኝ ድርጅት ዕውቅና ካገኙ ትምህርት ቤቶች ሲሆን፣ የዲግሪ ተማሪው በውጤት ከከፍተኛው 10 በመቶ ውስጥ መሆን አለበት። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። «ልጅዎ ለክብር ማኅበር ተመርጧልና የአባልነት ክፍያ ይላኩ» የሚል ደብዳቤ በፖስታ ሲመጣ እናት በደስታ አልቅሳ ከመክፈሏ በፊት፣ ማኅበሩ በኮሌጁ ውስጥ የሚታወቅ መሆኑን ልጁ ዲኑን ቢሮ ሄዶ ይጠይቅ። ክብር የሚመስል ንግድም አለና።

ሦስተኛው፣ ዛሬ የተነሣንበት፣ የኦነርስ ፕሮግራም ነው። ይህ ተማሪው አራቱን ዓመት የሚሠራው ሥራ ነው። በውጤት ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ የተለየ ክፍል ይገባሉ፣ የተለየ ንባብ ያነባሉ፣ በብዙ ቦታ በመጨረሻው ዓመት የመመረቂያ ጥናት ጽፈው ያስረክባሉ።

በእንግሊዝ አገር ያላችሁ አንባብያን እንዳትደናገሩ፤ በእናንተ ዘንድ «ኦነርስ ዲግሪ» የሚባለው አብዛኛው ተማሪ የሚይዘው መደበኛ ዲግሪ ነው፤ ልዩነቱ የሚለካው በአንደኛ፣ በሁለተኛና በሦስተኛ ደረጃ ነው። ሆኖም የአሜሪካው ሐሳብ የተቀዳው ከዚያው ነው። ኦክስፎርድ የተማረው ፍራንክ አይደሎት እ.ኤ.አ. በ1921 የስዋርዝሞር ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሲሆን፣ ጥቂት ተማሪዎች ከፕሮፌሰር ጋር ተቀምጠው የሚከራከሩበትን የኦነርስ ትምህርት አስጀመረ። ከዚያ ወደ ሌሎች ኮሌጆች፣ ውሎ አድሮም ወደ ቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ተስፋፋ።

ክፍሉ ውስጥ ምን ይሠራል?

በብዙ ትላልቅ ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያው ዓመት የአካውንቲንግ ትምህርት የሚሰጠው በመቶዎች በሚቆጠሩ ተማሪዎች በተሞላ አዳራሽ ነው። ተማሪው ዴቢትና ክሬዲቱን ያጠናል፣ የዕቃ እርጅና ቅናሽ አሠራሩን ይሸመድዳል፣ በኮምፒዩተር የሚታረም ፈተና ይፈተናል፣ ይወጣል። ፕሮፌሰሩ ስሙን አያውቀውም።

በኦነርስ ክፍል ያው ትምህርት በጥቂት ተማሪዎች ይሰጣል። ተማሪው ኩባንያዎች በየዓመቱ ለመንግሥት የሚያቀርቡትን፣ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ሊያየው የሚችለውን «አሥር ኬ» የተባለ ሪፖርት ይዞ ይመጣል፤ «ትርፉ አደገ ይላል፣ ታዲያ ጥሬ ገንዘቡ የት አለ?» ተብሎ ይጠየቃል። ይህ ጥያቄ ቀላል እንዳይመስልዎ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2001 ፎርቹን መጽሔት ላይ ቤተኒ ማክሊን የተባለች ጋዜጠኛ ኤንሮን ገንዘቡን የሚያገኘው በትክክል እንዴት እንደሆነ የጠየቀችው ከሪፖርቶቹ ተነሥታ ነበር። የዎል ስትሪት አዋቂዎች ኩባንያውን ያወድሱት ነበር። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ኤንሮን ከሰረ። መቁጠር የሚችል ብዙ ነው፤ የተቆጠረውን መጠየቅ የሚችል ግን ጥቂት ነው፤ የኦነርስ ክፍል የሚያሠለጥነው ይህን ሁለተኛውን ነው።

አደረጃጀቱ እንደየትምህርት ቤቱ ይለያያል። በኦስቲን የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የካንፊልድ ቢዝነስ ኦነርስ ተማሪዎች ዋና ዋናዎቹን የቢዝነስ ትምህርቶች ለብቻቸው፣ በውይይት ይማራሉ። በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ክዌስት የሚባለው ፕሮግራም የቢዝነስ፣ የኢንጂነሪንግና የሳይንስ ተማሪዎችን አንድ ላይ ቀላቅሎ ለእውነተኛ ኩባንያ ችግር መፍትሔ እንዲያቀርቡ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ1881 በተመሠረተው የፔንሲልቬኒያው ዋርተን ደግሞ «ጆሴፍ ዋርተን ስኮላርስ» የሚባሉት ተማሪዎች የራሳቸውን ምርምር ጽፈው ይወጣሉ። ልዩ ክፍል በሌለበት ኮሌጅ «ኦነርስ ኮንትራክት» የሚባል አለ፤ ተማሪው ከመደበኛው ክፍል ፕሮፌሰር ጋር ተስማምቶ ተጨማሪ ሥራ ይሠራል፣ ትምህርቱም በኦነርስ ይመዘገብለታል።

የመመረቂያ ጥናቱን በተመለከተ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለወጣ ወላጅ ማስረዳት አይከብድም፤ ያ ያንቀጠቀጠን «ሲኒየር ኤሴይ» ማለት ነው። አንድ ጥያቄ መምረጥ፣ ከዚህ በፊት ማን ምን እንዳለ ማንበብ፣ ማስረጃ መሰብሰብ፣ በአማካሪ ፊት መከራከር። ልዩነቱ እኛ ዘንድ ብዙ ዲፓርትመንቶች ከሁሉም ተማሪ ይጠይቁት የነበረው እዚህ ለፈቀደ ብቻ መተዉ ነው።

ዕቁባችን የምርምር ርዕስ ነው

«ልጄ ምን ብሎ ይጻፍ? የጄኔራል ሞተርስን ምስጢር ከየት ያመጣል?» ያሉኝ አባት አሉ። መልሱ ራሳቸው በየወሩ መጨረሻ እሑድ ቡና እየጠጡ ዕጣ የሚያወጡበት ቤት ነው።

ዕቁብ በምሁራን ዘንድ ትልቅ ርዕስ ነው። ክሊፎርድ ጊርትዝ እ.ኤ.አ. በ1962 የጃቫን «አሪሳን» ከሌሎች አገሮች ተመሳሳይ ማኅበራት ጋር እያነጻጸረ ጽፏል። ሸርሊ አርድነር በ1964 ከልዩ ልዩ የዓለም ክፍሎች የተሰበሰበውን አወዳድራለች። አይቫን ላይት በ1972 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ባንክ ፊቱን ያዞረባቸው የቻይናና የጃፓን ስደተኞች በአሜሪካ ሱቅ የከፈቱት እንዲህ ባለ ቁጠባ ጭምር መሆኑን አሳይቷል። በ1993 ደግሞ ቤስሊ፣ ኮትና ላውሪ የተባሉ ሦስት የኢኮኖሚክስ ሊቃውንት በዕጣ የሚወጣውንና ተራው በጨረታ የሚሸጠውን በሒሳብ አነጻጽረው፣ አባላቱ ተመሳሳይ ፍላጎት ሲኖራቸው ዕጣው የሚመረጥበት ሁኔታ እንዳለ አስረድተዋል። የእኛ እናቶች ይህን ያለ ሒሳብ ያውቁታል።

ያልተጠየቀው ግን ብዙ ነው። አንደኛ የደረሰው ሰው ገንዘቡን ይዞ ስቴት ቢቀይር ማን ይይዘዋል? ዳኛው የሚጠይቀው ዋስ እዚህ አገር እንዴት ተለወጠ? ዕቁብ በደረሰው ገንዘብ ስንት የእንጀራ መጋገሪያ፣ ስንት የፓርኪንግ ኮንትራት ተጀመረ? የፋይናንስ ተማሪ ልጃችን ይህን ጥያቄ ይዞ ፕሮፌሰሩ ዘንድ ቢቀርብ፣ ፕሮፌሰሩ የማያውቀውን የሚያውቅ ተማሪ ሆኖ ይቀርባል።

አንድ እንቅፋት እንዳለ አውቃለሁ። የእኛ ሰው ከሸሸበት አገር ይዞት የመጣው ጥርጣሬ አለ፤ ደብተር ይዞ ስለ ገንዘብ የሚጠይቅ ሁሉ የሚመዘግብ ይመስለዋል። አይፈረድበትም። ነገር ግን ተማሪው ሰውን ከመጠየቁ በፊት የዩኒቨርሲቲው የጥናት ሥነ ምግባር ኮሚቴ ዘንድ መቅረብ እንዳለበት ይታወቅ። ለ40 ዓመት ጥቁር በሽተኞችን ሳያክሙ ያጠኑበት የተስኪጊ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1972 ሲጋለጥ፣ በ1974 ይህን የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። ተማሪው ለምን እንደሚጠይቅ፣ ስም እንዴት እንደሚደብቅ፣ የሰበሰበውን የት እንደሚያስቀምጥ በጽሑፍ ያቀርባል። ተጠያቂውም «አልፈልግም» ማለት ይችላል። የዕቁብ ዳኞች ይህን አውቀው በር ቢከፍቱ ታሪካችን በሌላ ሰው ብዕር ከመጻፍ ይድናል።

ዋናው ትርፍ ምስክር ነው

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ እንምጣ። በዚህ አገር ሥራ የሚገኘው በውጤት ብቻ እንዳልሆነ በስደት የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። የሌላው ልጅ አጎት ባንክ ውስጥ አለ፣ የአባቱ ጓደኛ የሒሳብ ድርጅት አለው። የእኛ ልጅ አጎት ዳላስ አውሮፕላን ጣቢያ ታክሲ ይነዳል፤ ክቡር ሥራ ነው፣ ወደ ባንክ ግን አያስገባም። ታዲያ ስለዚህ ልጅ ማን ይመስክርለት?

በትልቁ አዳራሽ ውስጥ «ኤ» ያገኘ ተማሪ የድጋፍ ደብዳቤ ሲጠይቅ ፕሮፌሰሩ ሊጽፍ የሚችለው «ውጤቱ ጥሩ ነው» የሚል ነው። ያንን ትራንስክሪፕቱም ይናገረዋል። ዓመት ሙሉ ጥናቱን ያማከረው ፕሮፌሰር ግን ልጁ ሲሳሳት እንዴት እንደሚያርም፣ ሲከለከል እንዴት ሌላ መንገድ እንደሚፈልግ፣ ቃሉን እንደሚጠብቅ ይጽፋል። ዘመድ የሌለው ልጅ በሰው አገር የሚያገኘው ዘመድ እንዲህ ያለው ነው።

ዋጋውም ይታወቅ

ይህ ሁሉ በነፃ አይደለም። በሳምንት 30 ሰዓት ነዳጅ ማደያ የሚሠራ ተማሪ የኦነርስ ሴሚናር ሲጨመርበት ወይ እንቅልፉ ወይ ውጤቱ ይጎዳል። ስኮላርሺፑ በጂ.ፒ.ኤ. ላይ የታሰረ ከሆነ አንድ «ሲ» ብዙ ዶላር ያስከፍላል። ስለዚህ ከመመዝገቡ በፊት አማካሪውን ቢሮ ሄዶ እነዚህን ይጠይቅ፦ በፕሮግራሙ ለመቆየት የሚፈለገው ጂ.ፒ.ኤ. ስንት ነው? ኮርሶቹ የመደበኛውን ቦታ ይተካሉ ወይስ ጭማሪ ናቸው? ጭማሪ ከሆኑ ክፍያውን ማን ይችላል? ጥናት ለሚጽፍ ገንዘብ ይሰጣል? ቢያቅተው ሳይቀጣ መውጣት ይችላል? መልሱ የማያስኬድ ሆኖ ከተገኘ፣ ከሙሉ ፕሮግራም ይልቅ በአንድ ኮንትራት መጀመር ብልህነት ነው። ቤተሰብም «የእነ እገሌ ልጅ ገብቷል» በሚል ፉክክር አይገፋው።

በኮሙኒቲ ኮሌጅ ለሚጀምሩትም፣ በተለይ በዲቪ መጥተው በ25 እና በ30 ዓመታቸው ለሚመዘገቡት፣ በሩ ዝግ አይደለም። በሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ፣ በቨርጂኒያ ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሙኒቲ ኮሌጅ የኦነርስ ትምህርት አላቸው። የሁለት ዓመት ኮሌጆች የክብር ማኅበር የሆነው ፋይ ቴታ ካፓም ከ1918 ጀምሮ አለ፤ ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ለሚሻገሩ አባላቱ ስኮላርሺፕ የሚሰጡ ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው። የቋንቋ ጉዳይ የሚያስፈራው ካለ፣ ጥናት ሲጻፍ አማካሪም፣ የጽሑፍ ማረሚያ ማእከልም እንዳለ ይወቅ። በችኮላ ከሚሰጥ የክፍል ፈተና ይልቅ ደጋግሞ የሚታረም ጽሑፍ እንግሊዝኛን ዘግይቶ ለተማረ ሰው ይመቻል።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ ልጅዎ ከኮሌጅ ሲመለስ «ስንት አገኘህ?» ማለትዎን አይተዉ፤ የአባት ነገር ነው። ግን አንድ ጥያቄ ይጨምሩበት፦ «ስምህን የሚያውቅ ፕሮፌሰር አለ?» ካለ፣ መንገድ ይዟል። ከሌለ፣ የሚቀጥለው ምዝገባ ሳይዘጋ የኦነርስ ቢሮ የት እንዳለ ይፈልግ። እርስዎም በበኩልዎ ነገ ደብተሩን ይዞ ስለ ዕቁብዎ ሊጠይቅዎ ሲመጣ ቡና አፍልተው ይጠብቁት።