ዳኛው ወረቀት አይሰጡም



ከመካከላችን ካናዳ ዘመድ ያለው ብዙ ነው። ስለዚህ «ኬዙ ሪጀክት ሆኖ ፍርድ ቤት ገብቷል» የሚል ወሬ ዶርም ውስጥ ብርቅ አይደለም። ቀጥሎ የሚመጣው «ኢንሻአላህ አሁን ዳኛው ወረቀት ይሰጡታል» ነው። ዱዓው ጥሩ ነው፤ ዳኛው ግን ወረቀት አይሰጡም። ይህን ሳያውቁ የሚጠብቁ ቤተሰቦች ስላሉ አሠራሩን ልናስረዳ ወደድን። (ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በካናዳ የጥገኝነት ጥያቄን መጀመሪያ የሚሰማው የኢሚግሬሽንና የስደተኞች ቦርድ ነው። ውድቅ ከሆነ አብዛኛው ሰው እዚያው ቦርድ ውስጥ ላለው የይግባኝ ክፍል አቤት ይላል። ይህም ካልተሳካ ቀጣዩ በር የፌዴራል ፍርድ ቤት ነው።

ይህ ፍርድ ቤት የሚያደርገው ጁዲሻል ሪቪው ይባላል። «ሰውየው ስደተኛ ነው ወይስ አይደለም?» ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው «ቦርዱ ውሳኔውን የሰጠው በአግባቡ ነው ወይ?» ብሎ ነው። እኛ ኢንጂነሪንግ የምንማር ሰዎች ይህን በቀላሉ እንረዳዋለን፤ የመጨረሻው ቁጥር ብቻ ሳይሆን ስሌቱም ይታረማል። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2019 ቫቪሎቭ በተባለው ጉዳይ እንዳስቀመጠው ዳኛው «እኔ ብሆን ምን እወስን ነበር?» ብሎ አይነሳም። የተሰጠው ምክንያት እርስ በርሱ የተያያዘ፣ ከሕጉና ከማስረጃው ጋር የሚሄድ መሆኑን ይመረምራል። ውሳኔው በሰው ሕይወት ላይ የሚያመጣው መዘዝ በከበደ መጠን ምክንያቱም በዚያው ልክ መብራራት አለበት።

ቦርዱ ቁልፍ ማስረጃን ዝም ብሎ ቢያልፍ ውሳኔው ሊሻር ይችላል። ከዚያስ? ፋይሉ ወደ ቦርዱ ተመልሶ ሌላ ሰው ያየዋል፤ እሱም ምክንያቱን አሟልቶ እንደገና «አይሆንም» ሊል ይችላል። አሸነፈ የተባለው ዘመዳችን ያሸነፈው ሌላ ዕድል ነው።

ታዲያ ምን ይጠቅማል እንዳትሉ። በመድረሳ እንደተማርነው ቁረይሾች ስጦታ ይዘው ስደተኞቹን መልሱልን ሲሉ ነጃሺ ጃዕፈርን ሳይሰሙ አልወሰኑም። ካናዳ ውስጥ ግን እስከ 1985 ድረስ ብዙ ጥያቄ ውሳኔ ሰጪዎቹ ባለጉዳዩን በአካል ሳይሰሙ በወረቀት ብቻ ይዘጋ ነበር። ሰባት ሰዎች፣ አብዛኞቹ የሕንድ ሲኮች፣ ይህን ለጠቅላይ ፍርድ ቤት አቤት አሉ። ሲንግ በመባል የሚታወቀው ይህ ጉዳይ መጋቢት መጨረሻ፣ ኤፕሪል 4 ቀን 1985 ሲወሰን፣ የተናጋሪው እውነተኛነት ጥያቄ ውስጥ ከገባ ሰውየው ቀርቦ መደመጥ አለበት ተባለ። ዛሬ ያለው ቦርድ የተቋቋመው ከዚያ በኋላ በ1989 ነው። ቀኑም እዚያ የስደተኞች መብት ቀን ሆኖ ይታሰባል።

አሁን ወደ ከባዱ። ፍርድ ቤቱ በር ላይ «ፍቃድ» የሚባል ወንፊት አለ። አንድ ዳኛ ማመልከቻውን በጽሑፍ አይቶ ፍቃድ ካልሰጠ ነገሩ እዚያው ያበቃል፤ ምክንያት መጻፍ አይጠበቅበትም፣ ይግባኝም የለውም። ፕሮፌሰር ሾን ሬሃግ ከ2005 እስከ 2010 የነበሩ መዝገቦችን አጥንተው በ2012 ባወጡት ጽሑፍ፣ አንዳንዱ ዳኛ ከመቶ ሁለት እንኳ ሳይሞላ ሲፈቅድ ሌላው ከሦስት አራተኛው በላይ እንደሚፈቅድ አሳይተዋል። በእኛ አስተያየት ይህ ልዩነት በጉዳዮቹ ክብደት ብቻ የሚገለጽ አይመስልም።

ሌላው፣ ፍርድ ቤቱ በመርህ ደረጃ የሚያየው ቦርዱ ፊት የነበረውን ፋይል ነው። ያኔ ያልቀረበ የፖሊስ መጥሪያ ወይም የሐኪም ወረቀት እዚህ ደርሶ አያድንም። ጠንክሮ መዘጋጀት የሚያስፈልገው ለመጀመሪያው ቀጠሮ ነው።

ማመልከቻው የሚገባው ውሳኔው ከደረሰ በ15 ቀን ውስጥ ነው። የይግባኝ ክፍሉ ውድቅ ያደረገበት ሰው በጊዜው ካመለከተ፣ ከአገር መውጣቱ አብዛኛውን ጊዜ እስከ ውሳኔው ይታገዳል፤ ለሁሉም ግን አይደለም። ስለዚህ ከቶሮንቶ ሲደወል ከሰላምታው ቀጥሎ «ደብዳቤው የደረሰህ መቼ ነው? ጠበቃህስ አይቶታል?» ብላችሁ ጠይቁ።