የጡረታ መብት ከመጀመሪያው ደመወዝ ይጀምራል

በግል ድርጅት ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው በየወሩ ከደመወዙ ሁለት ነገር ይቆረጥበታል፤ አንዱ የሥራ ግብር፣ ሌላው የጡረታ መዋጮ። ግብሩ የመንግሥት ገቢ ነው። መዋጮው ግን የራሱ የሠራተኛው ዋስትና ነው፤ ሲያረጅ ለእሱ፣ አካሉ ቢጎዳ ለእሱ፣ ቢሞት ለትዳር ጓደኛውና ለልጆቹ። እንዲያም ሆኖ ገንዘቡ የት እንደሚገባ፣ በማን ስም እንደተመዘገበ፣ ምን ሲሟላ እንደሚከፈል አስቀድሞ የሚጠይቅ ሠራተኛ ጥቂት ነው። ጥያቄው የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ ስድሳ ዓመት ሲደርስ ነው። ያኔ ደግሞ የጎደለውን ማሟላት ይከብዳል።

የመንግሥት ሠራተኛው ጡረታ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ የቆየ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛው ግን ረጅም ዘመን ጠብቋል። መብቱ በሕግ የተዘረጋለት በአዋጅ ቁጥር 715/2003 ሲሆን፣ ዛሬ የሚሠራበት ደግሞ እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1268/2014 ነው። ከዚያ በፊት አንዳንድ ድርጅቶች ፕሮቪደንት ፈንድ የሚባል የሠራተኞች ቁጠባ ነበራቸው፤ በሌሎቹ ግን ሠራተኛው ከሥራ ሲሰናበት ከስንብት ክፍያው በቀር የሚጠብቀው ነገር አልነበረም። በአሁኑ ጊዜ ሥራውን የሚመራው የግል ድርጅቶች ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ነው። የመንግሥት ሠራተኞችን ጉዳይ የሚይዘው ሌላ መሥሪያ ቤት ስለሆነ፣ ማመልከቻ ከማስገባት በፊት የትኛው እንደሚመለከት ማወቅ ድካም ይቀንሳል።

ማን ይሸፈናል?

በንግድ፣ በኢንዱስትሪ፣ በግብርና፣ በኮንስትራክሽን፣ በማኅበራዊ አገልግሎትም ሆነ በሌላ ሕጋዊ ሥራ በተሰማራ ድርጅት ደመወዝ እየተከፈለው የሚሠራ ኢትዮጵያዊ ይሸፈናል። ሥራ አስኪያጁም እንደዚሁ። ኮንትራት ነኝ ብሎ ራሱን ከመብቱ የሚያወጣ ብዙ ነው፤ ነገር ግን ለተወሰነ ጊዜ የተቀጠረም፣ በቁርጥ ሥራ የሚሠራም፣ ቆይታው ከ45 ቀን ካላነሰ ሕጉ ሠራተኛ ይለዋል። የሃይማኖትና የፖለቲካ ድርጅቶች ሠራተኞች እንዲሁም መደበኛ ባልሆነው ዘርፍ የሚሠሩ ሰዎች በፈቃዳቸው ሊገቡ ይችላሉ። በሰው ቤት ተቀጥረው ለሚሠሩ የቤት ሠራተኞች ግን አስገዳጁ ሽፋን አልደረሰም። ጉልበታቸውን ከማንም በላይ የሚያፈስሱት እነሱ በመሆናቸው ይህ ክፍተት ሊቆረቁረን ይገባል።

ስንት ይዋጣል፣ ስንት ይከፈላል?

ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ያዋጣል። ደመወዙ 10,000 ብር ከሆነ ከሠራተኛው 700፣ ከአሠሪው 1,100 ብር፣ በድምሩ 1,800 ብር በየወሩ ገቢ መሆን አለበት። አሠሪው የሚጨምረው ድርሻ ከደመወዝ ላይ ስለማይቀነስ ሠራተኛው ላያየው ይችላል፤ ግን ትልቁ ድርሻ እሱ ነው።

ዕድሜ ልክ የሚከፈል የጡረታ አበል ለማግኘት ሁለት ነገር መሟላት አለበት፤ ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገሉ መሆንና የጡረታ ዕድሜ ላይ መድረስ። የጡረታ ዕድሜው 60 ነው። ስድሳ ሞልቶት አገልግሎቱ ከ10 ዓመት ያነሰ ሰው አንድ ጊዜ የሚሰጥ ክፍያ፣ ማለትም ዳረጎት፣ ያገኛል እንጂ በየወሩ አይከፈለውም። አሥረኛው ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት ሲቀሩ ሥራ መልቀቅ ብዙ የሚያሳጣው ለዚህ ነው። በመንግሥት ቤት የተሠራ ዘመንና በግል ድርጅት የተሠራ ዘመን ስለሚደመሩ ግን፣ አምስት ዓመት መምህር የነበረና ስድስት ዓመት በፋብሪካ የሠራ ሰው አሥሩን ዓመት አልፏል።

ስሌቱ ማንም በስልኩ ካልኩሌተር ሊሠራው የሚችል ነው። ከጡረታ በፊት ያሉት የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ደመወዝ አማካይ ይወሰዳል። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት የአማካዩ 30 በመቶ ይያዛል። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። እንግዲህ 25 ዓመት ያገለገለና አማካይ ደመወዙ 10,000 ብር የሆነ ሰው፣ በ30 ላይ የ15 ዓመቱ 18.75 ተደምሮለት 48.75 በመቶ፣ ማለትም በወር 4,875 ብር ያገኛል።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። መዋጮውም አበሉም የሚሰላው በመደበኛው ደመወዝ ላይ ነው። የትራንስፖርት፣ የቤት ኪራይና የመሳሰለው ጥቅማ ጥቅም አይገባበትም። ያው ሰው እጁ ላይ የሚደርሰው 10,000 ብር ሆኖ በፔሮል ላይ ደመወዙ 6,000፣ ቀሪው 4,000 ጥቅማ ጥቅም ተብሎ ከተጻፈ አበሉ 2,925 ብር ይሆናል። ልዩነቱ በወር 1,950 ብር፣ ያውም እስከ ዕለተ ሞት። በሥራ ዘመን አሠሪውም ሠራተኛውም ትንሽ መዋጮ በመክፈላቸው ያተረፉ ይመስላቸዋል፤ ዋጋውን በስተርጅና የሚከፍለው ግን ሠራተኛው ብቻ ነው። ስለ ደመወዝ ጭማሪ ስንደራደር የትኛው መሥመር ላይ እንደሚጨመር መጠየቅ ያለብን ለዚህ ነው።

ከዕድሜ ውጭ ያሉት በሮች

ጡረታ የሽማግሌ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በጤና ጉድለት መሥራት ያቃተው ሰው 10 ዓመት ካገለገለና የሐኪሞች ቦርድ ካረጋገጠለት ስድሳን ሳይጠብቅ አበል ያገኛል። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ደግሞ የ10 ዓመቱ መስፈርት የለም፤ በተቀጠረ በወሩ ማሽን እጁን የወሰደበት ወጣትም የመጠየቅ መብት አለው። ስለዚህ አደጋው በደረሰ ዕለት በጽሑፍ መመዝገቡና የሕክምና ማስረጃው መያዙ ወሳኝ ነው።

ባለመብቱ ሲሞት መብቱ አብሮት አይቀበርም። ሚስቱ ወይም ባሏ፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች፣ እንዲሁም በሟች ይጦሩ የነበሩ ወላጆች ተተኪ ተብለው የአበሉ ድርሻ ይሰጣቸዋል። ብዙ ቤተሰብ ለቅሶ ላይ ተቀምጦ፣ ዕድርና ዘመድ ወጪውን ሲሸፍንለት፣ ይህ መብት እንዳለው ሳያውቅ ወራት ያልፋሉ። ተጠራቅሞ የቀረ ክፍያ በይርጋ ሊታገድ ስለሚችል ቶሎ ማመልከት ይጠቅማል።

ፋይሉ ውስጥ ያለው ነገር

ማመልከቻ የሚያጓትተው አብዛኛውን ጊዜ የመብቱ አለመኖር ሳይሆን የወረቀቱ አለመስማማት ነው። ሁለቱ ዋና ዋናዎቹ የትውልድ ዘመንና ስም ናቸው።

ዕድሜ የሚቆጠረው መጀመሪያ ሲቀጠሩ በተመዘገበው የትውልድ ዘመን ነው። ኋላ ላይ የሚመጣ የልደት ካርድ ያንን አይሽረውም። ከዚህ የሚመጣው ጣጣ ቀላል አይደለም። በፈረንጅ አቆጣጠር 1965 የተወለደ ሰው ቅጹ ላይ ያንኑ 1965 ዓ.ም. ብሎ ቢሞላ ሰባት ስምንት ዓመት ያንሳል፤ ጡረታውም በዚያው ልክ ይርቃል።

የስሙ ችግርም እንደዚሁ ነው። በቅጥር ደብዳቤው ላይ «ኃይሌ ገብረ ማርያም»፣ በመታወቂያው ላይ «ኃይለማርያም ገብሬ» ተብሎ የተጻፈ ሰው፣ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን ለማስረዳት እስከ ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል። በቅጥር ቀን በአምስት ደቂቃ የሚታረም ነገር በስድሳ ዓመት የወራት መመላለስ ይሆናል።

ሌላው የጋብቻና የልጆች ምዝገባ ነው። በባህልም ሆነ በሃይማኖት የተጋባችሁ ሁሉ ጋብቻችሁን በወሳኝ ኩነት አስመዝግቡ፤ የልጆችንም ልደት እንዲሁ። ቤተሰቡ በፋይሉ ላይ በጊዜ ከተመዘገበ ባል የሞተባት ሴት በሐዘኗ ላይ ምስክር ፍለጋ አትንከራተትም።

ማመልከቻው እንዴት ይሄዳል?

ጊዜው ሲደርስ መነሻው አሠሪው ነው። ድርጅቱ የጡረታ መጠየቂያውን ቅጽ ሞልቶ፣ የአገልግሎት ዘመኑንና የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት ደመወዝ አረጋግጦ፣ ማኅተም አድርጎ ይልካል። አመልካቹ በበኩሉ መታወቂያ፣ የጡረታ መለያ ቁጥር፣ ፎቶግራፍ፣ ከሠራባቸው ድርጅቶች ሁሉ የሥራ ልምድ ማስረጃ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ ባለትዳርና ወላጅ ከሆነ የጋብቻና የልደት ማስረጃ ይዞ በአቅራቢያው ወዳለው የአስተዳደሩ ቅርንጫፍ ይቀርባል። ከእያንዳንዱ ሰነድ ኮፒ ማስቀረትና ያስገቡበትን ቀን መመዝገብ አይዘንጋ።

የተሰጠው ውሳኔ ትክክል አይደለም የሚል ሰው በዚያው አይቀርም። ለማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ጉባኤ ማመልከት ይችላል፤ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት አለ ካለ ደግሞ እስከ ሰበር ድረስ መንገዱ ክፍት ነው። ዋናው ነገር ውሳኔውን በጽሑፍ መቀበልና የይግባኙ ቀን ሳያልፍ መንቀሳቀስ ነው።

አሠሪዎችም ሊያስቡት የሚገባ ነገር አለ። ከሠራተኛ ደመወዝ ቆርጦ ገቢ ያላደረገ ድርጅት የራሱ ያልሆነ ገንዘብ ይዟል፤ ሕጉም ከወለድና ከቅጣት ጋር ያስከፍለዋል። ሠራተኛው ዝም ካለ ግን ጉድለቱ የሚታወቀው ድርጅቱ ከተዘጋ፣ ባለቤቱም ከጠፋ በኋላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዕድሜያችሁ ሃያ አምስትም ይሁን ሃምሳ፣ በዚህ ሳምንት የሰው ኃይል ክፍላችሁን ሦስት ነገር ጠይቁ፤ የጡረታ መለያ ቁጥሬ ስንት ነው? የተመዘገበው የትውልድ ዘመኔና ስሜ ትክክል ነው? መዋጮዬ እስከ የትኛው ወር ገቢ ሆኗል? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉና ከቅጥር ደብዳቤያችሁ ጋር አስቀምጡት።