ዘር በር ይከፍታል፤ አውሮፕላን ግን አያበርርም

«ዘር ከልጓም ይስባል» ይባላል። የንጉሥ ልጅ የበረራ ቱታ ለብሶ፣ የአብራሪነት ክንፍ ደረቱ ላይ ሰክቶ በቴሌቪዥን ብቅ ሲል ብዙ ሰው የሚፈርደው በዚሁ አባባል ነው። «አባቱ በሚያዝዘው ጦር ውስጥ ማን ደፍሮ ይጥለዋል?» ይላል። የቤተ መንግሥት ወዳጆች ደግሞ «እንደ ማንኛውም ወታደር ላቡን አፍስሶ ያገኘው ነው» ብለው ይሟገታሉ። ሁለቱም ወገኖች አራት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ ጨፍልቀው ነው የሚከራከሩት፤ ወደ ሥልጠናው መግባት አንድ ነገር ነው፣ ሥልጠናውን ማለፍ ሌላ፣ የት እንደሚመደቡ ሌላ፣ ምን ማዕረግ እንደሚይዙም እንዲሁ ሌላ። ዘር በአራቱም ላይ ያለው ጉልበት እኩል አይደለም። እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ተረት 1፦ ወደ ሥልጠናው የሚገቡት እንደ ማንኛውም አመልካች ተወዳድረው ነው

እውነታው፦ ዘር በግልጽ የሚሠራው እዚህ ጋ ነው። የዛሬው የእንግሊዝ ንጉሥ ቻርልስ በማርች 1971 ክራንዌል ወደሚገኘው የአየር ኃይል ኮሌጅ ሲገቡ የግል አብራሪነት ፈቃድ በእጃቸው ነበር። በኦገስት ክንፋቸውን ተቀበሉ፤ ወዲያው ደግሞ ወደ ባሕር ኃይል ተዛወሩ። አየር ኃይሉ አንድን ተራ ወጣት በጄት አሠልጥኖ በማግሥቱ ለሌላ ጦር አሳልፎ የሚሰጥበት ምክንያት የለውም። ለአልጋ ወራሹ ግን ምክንያት ነበረው፤ የወደፊቱ ንጉሥ ሦስቱንም ጦሮች እንዲያውቅ ይፈለጋል። በ2008 ልጃቸው ዊሊያም ከምድር ጦር ተነስቶ በአየር ኃይልና በባሕር ኃይል ጥቂት ጥቂት ወራት ያሳለፈውም ለዚሁ ነው።

ስፔን ነገሩን አትሸፋፍነውም። አልጋ ወራሿ ልዕልት ሌዎኖር በ2023 በምድር ጦር አካዳሚ ጀምራ፣ በባሕር ኃይል በኩል አልፋ፣ በ2025 ሳን ሃቪዬር የሚገኘው የአየር ኃይል አካዳሚ ገብታለች። አባቷ ንጉሥ ፌሊፔም በሦስቱም አልፈዋል። መንገዷን የቀየሰው የመንግሥት ድንጋጌ ነው። ስለዚህ «መግቢያውን በችሎታ አገኙት ወይ?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ «አይደለም» ነው።

ተረት 2፦ ክንፉ ስጦታ ነው፤ ማንም አይጥላቸውም

እውነታው፦ ክንፍ ሁሉ አንድ አይደለም። ለዚህ ከዊሊያም የተሻለ ምሳሌ አይገኝም፤ ታሪኩ ሁለቱንም ዓይነት ይዟልና።

በኤፕሪል 2008 ከአባቱ እጅ የተቀበለው ክንፍ ለእሱ ታስቦ ባጠረ ኮርስ የተገኘ ነበር። በዚያው ወር በቺኑክ ሄሊኮፕተር ፍቅረኛው በነበረችው በኬት ቤተሰቦች መስክ ላይ ማረፉ፣ በሌላ ቀንም ወንድሙን ሃሪን አሳፍሮ የአክስቱ ልጅ ከሠርጉ በፊት ወዳዘጋጀው የወንዶች ድግስ መብረሩ ታወቀ። የመከላከያ ሚኒስቴር በረራዎቹ የሥልጠናው አካል ናቸው ቢልም ትችቱ አልበረደም። ሐሜተኛውን ያኔ «ተሳስተሃል» ማለት ይከብድ ነበር።

ከ2009 በኋላ ያለው ግን ሌላ ነው። ዊሊያም በሾውበሪ የሄሊኮፕተር ትምህርት ቤት መደበኛውን ሥልጠና ጀምሮ በጃንዋሪ 2010 ጨረሰ። በሴፕቴምበር ደግሞ ዌልስ ውስጥ አንግልሲ ደሴት ላይ በሲ ኪንግ የነፍስ አድን ሄሊኮፕተር ብቁ ሆነ። ሲ ኪንግ አራት ሰዎችን ይዞ ይወጣል፤ ሁለት አብራሪዎች፣ የማንሻ ገመዱን የሚቆጣጠር አንድ ሰው፣ በገመዱ ወደ ታች የሚወርድ አንድ ሰው። በሌሊት ማዕበል በሚንጣት መርከብ ላይ ሄሊኮፕተሩን ቀጥ አድርጎ መያዝ ያልቻለ አብራሪ መጀመሪያ የሚገድለው ገመዱ ላይ ያለውን ባልደረባውን ነው። ለልዑል ተብሎ ውጤት የሚጨምር አሠልጣኝ የእነዚህን ሰዎች ነፍስ አስይዞ ነው የሚጨምረው። ዊሊያም መጀመሪያ በረዳት አብራሪነት ሠራ፤ ካፒቴን የሆነው በ2012 ነው። በ2013 ሲለቅ 156 ግዳጆች ላይ ተሳትፎ 149 ሰዎችን ከማዳን ሥራ ጋር ስሙ ተመዝግቧል።

ከዚያም ከጦሩ ውጭ ተፈተነ። በ2015 በምሥራቅ እንግሊዝ የአየር አምቡላንስ አብራሪ ለመሆን የሲቪል አቪዬሽን የጽሑፍና የበረራ ፈተናዎችን ማለፍ ነበረበት። የሲቪል ፈቃድ የወታደር ሰላምታ አያውቅም። እስከ 2017 በፈረቃ ከሐኪሞች ጋር በረረ።

ሃሪም በ2012 መጀመሪያ የአፓቼ ተዋጊ ሄሊኮፕተር ሥልጠናውን ሲጨርስ ከኮርስ ጓደኞቹ መካከል ምርጥ ረዳት አብራሪና ተኳሽ ተብሎ ተሸልሟል። የልዑላን ወታደራዊ ሥልጠና ለስም ያህል ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁሉም በጨረሱት ነበር። የቻርልስ ታናሽ ወንድም ኤድዋርድ ግን በጃንዋሪ 1987 የባሕር ኃይል ኮማንዶ ሥልጠናውን ገና ሳያጋምስ ትቶ ወጥቷል።

ተረት 3፦ አንዴ ኮክፒት ከገቡ ዘር ቦታ የለውም

እውነታው፦ አለው፤ አደገኛም ነው። ጁን 29 ቀን 1994 ቻርልስ የቤተ መንግሥቱን ቢኤኢ 146 ጄት ራሳቸው እያበረሩ በስኮትላንድ አይላ ደሴት ሊያርፉ ነበር። አውሮፕላኑ ነፋስ ከኋላው እየገፋው፣ ከሚገባው በላይ ፈጥኖ መጣና መንደርደሪያውን አልፎ ወጣ። አፍንጫው ክፉኛ ተጎዳ፤ ሰው ግን አልተጎዳም። መርማሪዎቹ ጥፋቱን የጫኑት በአውሮፕላኑ አዛዥ ላይ ነው፤ ማረፉን ማስቆም የእሱ ኃላፊነት ነበርና። ቻርልስ ከዚያ በኋላ ማብረር አቆሙ።

የበረራ ደኅንነት ባለሙያዎች የሚፈሩት ይህንኑ ነው፤ አንደኛው አብራሪ ሌላኛውን «ተው፣ እንደገና እንዙር» ለማለት የሚያፍርበትን ኮክፒት። በመደበኛው ስኳድሮን ውስጥ ልዑሉ በኃላፊነት ከካፒቴኑ በታች ስለሆነ ይታረማል፣ ይወቀሳል። በቤተ መንግሥት አውሮፕላን ላይ ግን መሪውን የያዘው ሰው የካፒቴኑ ጌታም ነው። ልዩ አያያዝ ያለ ችሎታው ያለፈን ሰው ብቻ ሳይሆን ማብረር የሚችለውንም አደጋ ላይ ይጥላል።

ተረት 4፦ ለታይታ ነው እንጂ ጦር ሜዳ አይደርሱም

እውነታው፦ አንዳንዱ ደርሷል፤ አንዳንዱ ተከልክሏል። በ1982 የፎክላንድ ጦርነት ያኔ ልዑል የነበረው የቻርልስ ወንድም አንድሩ የ22 ዓመት የሲ ኪንግ አብራሪ ነበር። ከግንባር እንዲርቅ ሐሳብ ቢቀርብም እናቱ፣ ንግሥቲቱ፣ ከመርከቡ ጋር እንዲሄድ ፈቀዱ። ሥራው ሰርጓጅ መርከቦችን ማሰስና የኤግዞሴት ሚሳኤልን ከመርከቦቹ አሳስቶ ወደ ራሱ መሳብን ይጨምር ነበር። ይህን ለታይታ የሚያደርገው ሰው የለም።

ሃሪ በ2007 ወደ ኢራቅ እንዳይሄድ ታገደ፤ እሱ ካለ ጠላት በእሱ ላይ እንደሚያነጣጥር፣ አብረውት ያሉትም እንደሚጎዱ የጦሩ አዛዥ ተናገሩ። በድብቅ አፍጋኒስታን ሄልማንድ ገብቶም ዜናው በፌብሩዋሪ 2008 ሲያፈተልክ ወዲያው ወጣ። በሴፕቴምበር 2012 ግን በአፓቼ አብራሪነት ተመልሶ እስከ ጃንዋሪ 2013 ካምፕ ባስቲዮን ቆየ። ዊሊያም ወደ ውጊያ አልተላከም። ችሎታ ያልወሰነው ነገር ካለ ይህ ነው፤ በምደባው ላይ ከዙፋኑ ምን ያህል እንደሚርቁም ይታያል።

ተረት 5፦ የዮርዳኖሱ ንጉሥ ራሳቸው ተዋጊ ጄት እያበረሩ አይሲስን ደበደቡ

እውነታው፦ አልሆነም። በፌብሩዋሪ 2015 አይሲስ የዮርዳኖስን አብራሪ ሙአዝ አል-ካሳስቤን በእሳት ማቃጠሉን የሚያሳይ ቪዲዮ ሲለቅ የንጉሥ አብደላ የወታደር ልብስ ፎቶ በየማኅበራዊ ሚዲያው ዞረ፤ «ንጉሡ ራሳቸው ወጡ» ተባለ። መንግሥታቸው አስተባበለ። አብደላ የሠለጠኑት በኮብራ ሄሊኮፕተር ነው፤ የሄሊኮፕተር አብራሪ ደግሞ ብድግ ብሎ ተዋጊ ጄት ውስጥ አይገባም። ልጃቸው ልዕልት ሳልማ ግን በ2020 የአብራሪነት ክንፏን ተቀብላ፣ በዲሴምበር 2023 በጋዛ ላይ የሕክምና ቁሳቁስ ከአየር በተጣለበት በረራ ተሳትፋለች።

ተረት 6፦ ክንፉ እውነተኛ ከሆነ ማዕረጉም በሥራ የተገኘ ነው

እውነታው፦ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነው። ቻርልስ ከንቁ አገልግሎት የወጡት በ1976 ነው፤ በ2012 ግን የሦስቱንም ጦሮች ከፍተኛ ማዕረግ ለክብር ተቀበሉ። አንድሩ በ2001 ባሕር ኃይሉን ሲለቅ በኮማንደርነት ነበር፤ በ2015 በልደቱ ቀን ምክትል አድሚራል ተባለ፤ በ2022 ደግሞ ወታደራዊ ሹመቶቹን ተገፈፈ። የፎክላንድ በረራውን ግን ማንም ሊገፈው አይችልም።

የሳዑዲው ልዑል ኻሊድ ቢን ሰልማን በ2014 አይሲስን ከደበደቡት የኤፍ-15 አብራሪዎች አንዱ ነበር። በ2017፣ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው፣ በዋሽንግተን አምባሳደር ሆነ፤ በ2022 የመከላከያ ሚኒስትር። ተዋጊ ጄት ማብረር መቻሉ አይካድም፤ ለሹመቱ ግን የንጉሥ ልጅና የአልጋ ወራሽ ወንድም መሆኑን ትቶ ማብራሪያ ማግኘት ይቸግራል። እኛም አገር የአፄ ኃይለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ እንግሊዝ አገር የተማረ የባሕር ኃይል መኮንን ነበር፤ ምክትል አዛዥነቱ ላይ ሲደርስ ግን ትምህርቱ የቱ ጋ አብቅቶ አያቱ የቱ ጋ እንደጀመሩ መለየት አስቸጋሪ ነው።

እንግዲህ ክንፍ ያደረገ ልዑል ባየን ቁጥር አራት ነገር እንጠይቅ። ሥልጠናው ከሌሎቹ ጋር እኩል ርዝመት ነበረው? ከሥልጠናው በኋላ እንደ ባልደረቦቹ በተራው ገብቶ በረረ? ሊያርመው የሚችል የበላይ አጠገቡ ነበር? ማዕረጉስ የአገልግሎት ነው ወይስ የክብር? በዚህ ሚዛን የ2008ቱ ዊሊያም ይወድቃል፤ የ2010ሩ ያልፋል። ሰውየው ያው ነው፤ የተለወጠው ሥልጠናው ነው። ስለዚህ ፍርዱ የሚገባው ለደሙ ሳይሆን ለበረራ መዝገቡ ነው።