ከጥርስ ያለፈ የአፍ ሕመም፤ ከጉርድ ሾላ እስከ ጥቁር አንበሳ

ከመገናኛ ወደ አያት በሚወስደው መንገድ ጉርድ ሾላን ለሚያልፍ ሰው የጥርስ ክሊኒክ ማስታወቂያ እንግዳ አይደለም። የክሊኒኮቹ የዕለት ሥራ ይታወቃል፤ መንቀል፣ መሙላት፣ ማጠብ፣ ሽቦ ማሰር። አልፎ አልፎ ግን ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው የጥርስ በሽተኛ አይደለም። ወር ያለፈው የምላስ ቁስል፣ ሳያም የሚያብጥ መንጋጋ፣ ወይም ውሃ እየቋጠረ የሚፈርጥ ላንቃ ይዞ መጥቷል። የዚህ ሰው ዕጣ የሚወሰነው መጀመሪያ ባየው ባለሙያ ነው። ባለሙያው አፉን በሙሉ አይቶ ወደ ትክክለኛው ቦታ ሊልከው ይችላል፤ አለዚያም አንድ ጥርስ ነቅሎ፣ አሞክሳሲሊን ጽፎ ይሸኘዋል። ሁለተኛው እጅግ የተለመደ ነው።

ከእነዚህ ሕመሞች ሁሉ ጊዜ የማይሰጠው ኖማ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚይዘው ከሁለት እስከ ስድስት ዓመት ያሉ፣ በምግብ እጥረት የተጎዱ፣ ኩፍኝ ወይም ሌላ ከባድ ሕመም ያደከማቸው ልጆችን ነው። በድድ መድማትና በመጥፎ የአፍ ጠረን ይጀምራል፤ ጉንጭ ያብጣል፤ ከዚያ በቀናት ውስጥ ሥጋው ይጠቁርና ይረግፋል። ካልታከሙት ልጆች እስከ 90 በመቶ የሚሆኑት ይሞታሉ። የተረፉት መንጋጋቸው ተጣብቆ፣ ጉንጫቸው ተበስቶ ያድጋሉ፤ ብዙዎቹም ከሰው ዓይን ተሰውረው በቤት ይቀራሉ። የሚያንገበግበው በሽታው ገና ድድ ላይ ሳለ የሚያስቆመው መድኃኒት ቀላል መሆኑ ነው፤ ተራ ፀረ ተሕዋስያን፣ አፍን ማጽዳትና ምግብ። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። የዓለም ጤና ድርጅት ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ተርታ ያስገባው ገና በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ነው፤ የዘገየ ውሳኔ!

በኢትዮጵያ የኖማን ጠባሳ ለመጠገን ከጉርድ ሾላ ብዙም የማይርቀው የገርጂው ኮሪያ ሆስፒታል ትልቅ ድርሻ አለው። ፌሲንግ አፍሪካ የተባለው የእንግሊዝ በጎ አድራጎት ድርጅት የቀዶ ሕክምና ቡድኖችን እያመጣ፣ ከየክፍለ ሀገሩ የተሰበሰቡ ሕሙማንን በዚያ ሲያሳክም ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2001 የተቋቋመው ፕሮጀክት ሐረርም ከንፈራቸው የተሰነጠቀ ልጆችንና ፊታቸው በእጢ የተበላሸ ሰዎችን ከምሥራቅ ኢትዮጵያ ወደ አዲስ አበባ እያመጣ አሳክሟል። ሁለቱም የተማሩት አንድ ነገር ነው፤ ሐኪም ከማግኘት በሽተኛውን ከተሸሸገበት ማግኘት ይከብዳል። ይህን ሥራ የሚችሉት ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በየቀበሌው የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው፤ የልጅን ከንፈር ገልጦ ድድ ማየት ከሥራቸው ከተቆጠረላቸው።

የመንጋጋ እጢ ሌላ ጠባይ አለው። አሜሎብላስቶማ ጥርስ ከሚሠሩ ሕዋሳት ይነሣል፤ አያምም፤ ዓመታት ወስዶ ያድጋል። በሽተኛው ጥርሱ ሲነቃነቅ ይነቀልለታል፣ እብጠቱ ግን ይቀራል። አንድ የራጅ ፊልም የአጥንቱን መቦርቦር ያሳይ ነበር። ቀድሞ ከተገኘ የሚቆረጠው አጥንት ትንሽ ነው፤ ከዘገየ ግን ግማሽ መንጋጋ ወጥቶ ከእግር በተወሰደ አጥንት እስከመተካት ይደርሳል።

አገራችን ደጋ የበዛባት በመሆኗ ደግሞ ቁንጭር የተባለውን የቆዳ በሽታ መርሳት አይገባም። ጥገኛ ተሕዋሱ በገደልና በዓለት ስንጥቅ ከሚኖረው ሽኮኮ ላይ በአሸዋ ዝንብ አማካይነት ወደ ሰው ይሻገራል። ከንፈርንና አፍንጫን ሲይዝ ከጥርስ መግል ወይም ከአለርጂ ጋር ይምታታል። ወራት የቆየ የከንፈር እብጠት ያለበት የገጠር ሰው መላክ ያለበት ከቁስሉ ናሙና ወስዶ ተሕዋሱን መመርመር ወደሚችል ተቋም ነው፤ በአዲስ አበባ አለርት፣ በወሎ ቦሩ ሜዳ፣ በጎንደር ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል። አፍ ውስጥ ጀምሮ ቆዳ ላይ የሚወጣው ፔምፊገስም የቆዳ ሐኪም ድርሻ ነው። የማይድን የምላስ ቁስልና የቆየ ሳል አብረው ከታዩ ሳንባ ነቀርሳን መጠርጠር ይገባል።

የእንጦጦ ፀበል ለዚህ ታሪክ እንግዳ አይደለም። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ሳይስፋፋ በፊት አፋቸው በነጭ ፈንገስ የተሞላ፣ ላንቃቸው ላይ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው የካፖሲ ሳርኮማ የወጣባቸው ብዙዎች ተራራውን ወጥተዋል። መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ሲሆን፣ በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ፀበሉና መድኃኒቱ አብረው እንደሚሄዱ መናገራቸው ከብዙ የጤና ትምህርት የበለጠ ሠርቷል ብዬ አምናለሁ። ዛሬም በጎልማሳ አፍ ውስጥ ያለ ምክንያት የወጣ ነጭ ፈንገስ የደም ምርመራ ይጠይቃል። በፋሻ ሲጠረግ የማይለቅ ነጭ ምልክት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በተለይ ትምባሆ በሚያጨስ፣ መጠጥ በሚያዘወትር ወይም ጫት በሚቅም ሰው ላይ ከታየ ናሙና ሳይወሰድ መታለፍ የለበትም። ካንሰር ሆኖ ከተገኘ መንገዱ ወደ ጥቁር አንበሳ ነው፤ ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጥበት ብቸኛው ሆስፒታል እርሱ ነበርና።

ይህ ሁሉ የሚያልፈው በአንዲት ወረቀት ነው። «ለተጨማሪ ምርመራ» ብቻ የተጻፈበት ሪፈር ምንም አይናገርም። ቁስሉ መቼ ጀመረ? የት ቦታ ነው፣ ስንት ሚሊ ሜትር ይሆናል? የትኛው መድኃኒት ለስንት ቀን ተሰጠ? ስኳርና ኤች አይ ቪ ታይቷል? የአንገት እጢ አለ? እነዚህ ከተጻፉ፣ ራጁና በስልክ የተነሣ ፎቶ ከተያያዘ፣ ተቀባዩ ሐኪም ሥራውን ከግማሽ ይጀምራል። የላኪው ስልክ ቁጥርም ይጻፍ፤ መልስ ወደ ላኪው እምብዛም ስለማይመለስ የክሊኒኩ ሐኪም ግምቱ ልክ ይሁን ስሕተት ሳያውቅ ዓመታት ይሠራል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባል ደግሞ ከጤና ጣቢያ መጀመር አለበት፤ አለዚያ ሆስፒታል ላይ ከኪሱ ሊከፍል ይችላል።

አንባቢ ሆይ፣ አፍዎ ውስጥ የወጣ ቁስል ሁለት ሳምንት ሞልቶት ካልዳነ ሦስተኛ ዙር አሞክሳሲሊን አይግዙ። ናሙና ይወሰድልኝ ብለው ይጠይቁ።