ሉፕ ላይ የተለጠፈው ስም

አር የተባለውን የስታቲስቲክስ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ መማር የጀመረ ሰው ገና ከጅምሩ የሚሰማው ምክር አለ፦ «ሉፕ አትጠቀም፣ ይንቀረፈፋል።» እኔም ሳልመረምረው ለስንቱ አስተላልፌዋለሁ።

ሉፕ አንድን ሥራ ደጋግሞ የሚያሠራ ትእዛዝ ነው። «ፎር» የተሰጠውን ዝርዝር አንድ በአንድ ያዳርሳል፤ «ዋይል» የተቀመጠለት ሁኔታ እስካልፈረሰ ድረስ ይዞራል፤ «ሪፒት» ደግሞ «ብሬክ» ካላሉት ማቆሚያ የለውም።

ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጀንትልማን በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ኒውዚላንድ፣ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ አርን ሲጀምሩ መነሻቸው ቤል ላብስ የተፈጠረው «ኤስ» የተባለ ቋንቋ ነበር። ሁለቱም ቋንቋዎች ቁጥርን በቬክተር፣ በጅምላ ነው የሚያዩት። የሺህ ሠራተኛ ደመወዝ ላይ 10 በመቶ ለመጨመር ቬክተሩን በ1.1 ማባዛት ይበቃል። ዙሩ አልቀረም፤ በሲ ቋንቋ በተጻፈው የአር ሆድ ውስጥ በፍጥነት ይካሄዳል።

ታዲያ የሉፕ ስም ለምን ጠፋ? ብዙ ጊዜ ጥፋተኛዋ በውስጡ ያለች አንዲት መስመር ናት። 10,000 ውጤት ለመሰብሰብ በባዶ ቬክተር ጀምረን በየዙሩ አንድ ቁጥር «ሲ» በተባለው ፋንክሽን (ከሲ ቋንቋ ጋር ስም ብቻ ነው የሚጋሩት) እንቀጥልበታለን እንበል። አር በየዙሩ አዲስ ቬክተር ሠርቶ የድሮውን በሙሉ ይገለብጥበታል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ሰፋ ያለ ቤት ተከራይቶ ዕቃ እንደ ማጓጓዝ ነው። ሥራው ሲያልቅ 50 ሚሊዮን ያህል ቁጥር ተገልብጧል። ከሉፑ በፊት 10,000 ቦታ አዘጋጅቶ እያንዳንዱን ውጤት በየቦታው ማስቀመጥ ይህን ሁሉ ያስቀራል። በ2017 እ.ኤ.አ. ከወጣው 3.4.0 ወዲህ ደግሞ አር ራሱ ሉፑን ወደ ባይትኮድ (ፈጠን ብሎ ወደሚሄድ መካከለኛ ኮድ) ቀይሮ ነው የሚያሄደው።

እኔን ያስለቀሰኝ ግን ፍጥነት አልነበረም። የየቅርንጫፉን ሽያጭ የምደምርበት ሉፕ «ከ1 እስከ ርዝመቱ» የሚል ነበር። አንድ ወር አንዱ ቅርንጫፍ ምንም አልሸጠም፤ ርዝመቱ ዜሮ ሆነ። አር «ከ1 እስከ 0» ሲባል ወደ ኋላ ይቆጥራል፦ 1፣ ከዚያ 0። የሌለ ሽያጭ ሁለት ጊዜ ተደመረ ማለት ነው። መጀመሪያ «ኤንኤ» (የጎደለ ዋጋ ምልክት) መጣ፣ ቀጥሎ እሱም ጠፍቶ ድምሩ ርዝመት የሌለው ባዶ ቬክተር ሆነ፤ ድምሩን የማስገባበት ሠንጠረዥም አልቀበልህም አለው። ግማሽ ቀን ፋይሉን ስወቅስ ዋልኩ። በ«ከ1 እስከ ርዝመቱ» ቦታ «ሴክ አሎንግ» የተባለውን ፋንክሽን ብጽፍ ኖሮ ሉፑ አንድም ጊዜ ሳይዞር ያልፍ፣ ድምሩም 0 እንደሆነ ይቀር ነበር።