ካርቦን 14ን በሌዘር ብርሃን ስለ መለካት

የእንጨት ዕድሜ የሚታወቀው በውስጡ ከቀረው የካርቦን 14 መጠን መሆኑን ብዙዎቻችን በትምህርት ቤት ሰምተናል። ይህ አቶም በየ5,730 ዓመቱ ግማሹ ይፈርሳል። ችግሩ ከመጀመሪያውም እጅግ ጥቂት መሆኑ ነው፤ ከሕያው ዛፍ በተገኘ ካርቦን ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን ቢሊዮን አቶሞች መካከል ካርቦን 14 የሆኑት 1,200 ያህል ብቻ ናቸው።

ዘዴውን በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ያወጡት ዊላርድ ሊቢ አቶሙ ሲፈርስ የሚወጣውን ጨረር ይቆጥሩ ነበር። ነገር ግን በአንድ ግራም አዲስ ካርቦን ውስጥ ካሉት 60 ቢሊዮን ያህል የካርቦን 14 አቶሞች በደቂቃ የሚፈርሱት 14 ገደማ ናቸው፤ እንግዲህ መቁጠር ማለት መጠበቅ ሆነ። ከ1977 እ.ኤ.አ. ወዲህ አቶሞቹን ራሳቸውን በአክሰለሬተር መቁጠር ተችሏል፤ መሣሪያው ግን ትልቅና ውድ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ብርሃን ነው። ናሙናው ተቃጥሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ካርቦን 14 ከተራው ካርቦን ስለሚከብድ ሞሌኪውሉ የሚርገበገበው ቀስ ብሎ ነው፤ ስለዚህ ተራው ሞሌኪውል በ4.26 ማይክሮሜትር አካባቢ ያለውን ብርሃን አጥብቆ ሲውጥ፣ ካርቦን 14 ያለበት በ4.5 ማይክሮሜትር አካባቢ ያለውን ይውጣል። ጋዙ በሁለት መስተዋቶች መካከል ይገባል፤ የሌዘሩ ብርሃን በመካከላቸው በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ይመላለሳል። ከዚያ ሌዘሩ ይዘጋና የቀረው ብርሃን በምን ያህል ፍጥነት እንደሚደክም ይለካል።

ነገር ግን መስተዋቶቹም ብርሃን ያባክናሉ፤ ብክነታቸውም ከጊዜ ወደ ጊዜ ትንሽ ይለዋወጣል። ያ ትንሽ ለውጥ ብቻውን የእነዚህን ጥቂት ሞሌኪውሎች ምልክት ሊሸፍነው ይችላል። ታዲያ የጋዙን ድርሻ ከመስተዋቱ ድርሻ በምን እንለየው?

መስተዋት እንደ አሥራት ሰብሳቢ ነው፤ ብዙም ቢመጣ ጥቂትም ቢመጣ ከመጣው ላይ ያንኑ እጅ ይወስዳል። ጋዝ ግን እንደ ወፍጮ ነው፤ ሊፈጭ የሚችለው ልክ አለው፤ ከዚያ በላይ እህል ቢቆለል ሳይነካው ይቀራል። (ምሳሌው ፍጹም አይደለም፤ የጠገበ ሞሌኪውል የዋጠውን ብርሃን መልሶ ሊያወጣ ይችላል፤ ወፍጮ ግን ዱቄቱን እህል አያደርግም።) ብርሃኑ ብርቱ ሳለ ሞሌኪውሎቹ ጠግበዋልና የሚታየው የመስተዋቱ ብክነት ብቻ ይሆናል፤ ብርሃኑ ሲሳሳ የጋዙ ድርሻ ብቅ ይላል። ስለዚህ ከሺኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ የሚያልቀው አንዱ ድካም ሁለቱንም ልኬቶች ይዞ ይመጣል። በእኔ አስተያየት የዘዴው ውበት በዚህ ላይ ነው፤ ጋዙን አውጥቶ ባዶውን መለካት አላስፈለገም።

ዘዴውን በፍሎረንስ የሚገኙ ኢጣልያውያን ተመራማሪዎች በ2010 እ.ኤ.አ. አሳተሙት፤ በ2016 ከሚሊዮን ቢሊዮን ሞሌኪውሎች መካከል 5 እስከ መለየት ደረሱ። ለዚህም ጋዙን አጥብቆ ማቀዝቀዝ አስፈልጓል፤ አለዚያ የተራው ሞሌኪውል ደካማ መስመሮች ይደባለቁበታል። ናይትረስ ኦክሳይድም በዚያው አካባቢ ብርሃን ስለሚውጥ ተጣርቶ መውጣት አለበት።

ይህ ለዕድሜ ምርመራ ይበቃልን? ለአዲስ እንጨት የ5 ስሕተት 35 ዓመት ያህል ነው። 23,000 ዓመት ገደማ በሆነው ከሰል ግን ከ1,200ው የሚቀሩት 75 ናቸው፤ በዚያ ላይ ያው የ5 ስሕተት ከ500 ዓመት ይበልጣል። አክሰለሬተር እስከ 50,000 ዓመት አካባቢ ስለሚደርስ ለጥንታዊ ዕቃ አሁንም ተመራጩ እርሱ ነው። አንድ ነዳጅ ከተክል ወይስ ከምድር ዘይት እንደ ተሠራ ለመለየት ግን ጥያቄው በ1,200ና በባዶ መካከል ነው፤ ለዚያ ሌዘሩ ከበቂ በላይ ነው።